ጥቅምት 30ን የማያውቅ ሰርቨር

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ሜዳው እየሰፋ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ መሬት በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይበቅልበታል። በዚህ አገር የሚወለደው፣ የሚከተበውና የሚሞተው ሰው ቁጥር ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር ይሄዳል። ድሮ የሚሄደው በወረቀት ነበር፤ በየደረጃው የሚያየው ሰውም ነበረ። አሁን ከላኪዋና ከተቀባዩ መካከል ሰርቨር ቆሟል።

ተነጋጋሪዎቹ አክስትና የወንድም ልጅ ናቸው። አክስት ብዙ ዓመት በካርድ ክፍል ሠርተው፣ ኋላ የጤና መረጃ ቴክኒሺያንነት፣ ሠራተኛው በአጭሩ «ኤች አይ ቲ» የሚለውን ሙያ ተምረዋል። የወንድማቸው ልጅ የጃቫ ፕሮግራመር ነው። ላፕቶፑ ላይ የተከፈተው ከጤና ኬላ የሚላክ ሪፖርት እየተቀበለ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ የአንድ ዌብ ሰርቪስ የሰርቨር ክላስ ነው። ከጎኑ ኮድ መርማሪ ፕሮግራም ስለዚያ ክላስ ያወጣው ዝርዝር አለ።

አክስት፦ ይህ ሁሉ ቀይ ምንድን ነው ልጄ?

ፕሮግራመሩ፦ መርማሪው ያወጣው ነው እትዬ። ኮዱን ሳያስኬድ ከላይ እስከ ታች ያነብና አደጋ አለበት ያለውን መስመር ይዘረዝራል። ክላሱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አስተካክለህ አስረክብ ተብዬ ነው የተቀበልሁት።

አክስት፦ ሳያስኬድ ጥፋቱን በምን ያውቃል?

ፕሮግራመሩ፦ ብዙ ጥፋት ካጻጻፉ ይታያል። ሥራው የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ስቲቨን ጆንሰን «ሊንት» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ እያነበበ የሚያጠራጥረውን ይለቅም ነበር። ለጃቫ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ፋይንድበግስ» የሚባል ተጀመረ፤ እሱን የተካው «ስፖትበግስ» ይባላል፤ ይህ የእሱ ዝርዝር ነው። የማሽን ዓይን የማይሰለች መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. የካቲት ላይ አፕል አንድ ጥፋት አመነ፤ የደኅንነት ፊርማ በሚመረምር ኮድ ውስጥ አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋ፣ በሁለተኛዋ ምክንያት ከሥር ያለው ምርመራ ሁሉ ይታለፍ ነበር። ሰው አንብቦት አልፏል። ከዚህች መስመር በኋላ ያለው አይደረስበትም የሚል ተራ የማሽን ማስጠንቀቂያ በርቶ ቢሆን ኖሮ ይይዘው ነበር።

አክስት፦ እሺ፤ የዚህኛውን ንገረኝ። ሪፖርቱ ነገ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

ፕሮግራመሩ፦ ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም። ሰርቨሩ ይህን ክላስ የሚፈጥረው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ የሚላክለትን ሁሉ በዚያው በአንዱ ያስተናግዳል። ጸሐፊው ግን የላኪዋን ጤና ኬላ ስም ክላሱ ውስጥ ሁሉም በሚጋራው ቦታ አስቀምጦታል። የአንዷ ሪፖርት ተጽፎ ሳያልቅ ሌላዋ ከላከች ስሙ ይለወጣል፤ የመጀመሪያዋ ቁጥር በሁለተኛዋ ስም ይገባል።

አክስት፦ ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት መላኩ ስንት ጊዜ ይገጥማል?

ፕሮግራመሩ፦ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስፈትነው አይገጥምም። አንቱ ይንገሩኝ፤ እነሱ የሚልኩት መቼ ነው?

አክስት፦ የእኛ የሪፖርት ወር ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው። በ20 ይዘጋል፤ ከ21 ጀምሮ ሁሉም ይልካል። መብራት ጠፍቶ ከዋለም ሁሉም የሚልከው መብራቱ በመጣበት ሰዓት ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቀበሌዎች መብራት አብሮ ነው የሚመጣላቸው።

ፕሮግራመሩ፦ እንግዲህ ቢሮ ውስጥ የማይታየው ጥፋት በየወሩ 21 ይታያል ማለት ነው። መርማሪው ስለ 21ም ስለ መብራትም የሚያውቀው የለም። የጋራ ቦታ ላይ የአንድ ላኪ ነገር ማስቀመጥ አደጋ መሆኑን ግን ያውቃል፤ ለዚህኛው ያ ይበቃል።

አክስት፦ ያ ተጽፎ የሚቀር ጥፋት አይደለም። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀበሌዋ ኩፍኝ ሳይኖር ኩፍኝ አለ ተብሎ ትጠየቃለች፤ ያለበት ቀበሌ ደግሞ ዝም ይባላል። ቀጥል።

ፕሮግራመሩ፦ ሁለተኛው ፊደልን የሚመለከት ነው። ኮዱ ጽሑፉን ወደ ባይት ሲለውጥ በየትኛው አሠራር እንደሚለውጥ አልተናገረም፤ «ኮምፒውተሩ እንደለመደው» ብሎ ትቶታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አሠራር አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሰርቨሩ የተጫነበት ኮምፒውተር የለመደው የላቲን አሠራር ከሆነ የእናትየዋ ስም የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ይቀመጣል። የእንግሊዝኛ ስም ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስም የፈተነ ሰው አያየውም። ጃቫ ራሷ ዩቲኤፍ-8ን መደበኛ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያላደሰ ሰርቨር ብዙ ነው።

አክስት፦ ይህንስ መርማሪው ያዘው?

ፕሮግራመሩ፦ ያዘው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ስለ ግዕዝ አስበው ላይሆን ይችላል፤ የሚጠብቀው ግን እኛን ነው። ለዚህ ነው መርማሪውን የምወደው።

አክስት፦ ሦስተኛውስ?

ፕሮግራመሩ፦ ይህን ሲሰሙ ይናደዳሉ። ዳታቤዙ ሪፖርቱን አልቀበልም ሲል ኮዱ ስህተቱን ይይዝና ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ከዚያ ለላኪዋ «ደርሷል» ብሎ ይመልሳል።

አክስት፦ ሳይደርስ?

ፕሮግራመሩ፦ ሳይደርስ።

አክስት፦ እንዲህ ያለው ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያጣላ አንተ አታውቅም። ልጅቱ ልኬያለሁ ትላለች፤ ስልኳ ላይ «ደርሷል» የሚል አለ። ተቀባዩ ጋ የለም። በስብሰባ ላይ ሰነፍ ተብላ ስሟ ይነሣል፤ እሷ ደግሞ ቁጥሬን ማን አጠፋው ብላ የእኔን ዓይን ታያለች። ሰርቨሩን የሚጠረጥር የለም፤ ሰርቨር አይዋሽም ይባላላ። ባዶ ሆኖ የተተወች አንዲት መስመር ሁለት ሐቀኛ ሰዎችን ታጣላለች።

ፕሮግራመሩ፦ መርማሪው እንኳ ይህን በመካከለኛ ደረጃ ነው ያስቀመጠው።

አክስት፦ እኔ ብሆን አንደኛ አደርገው ነበር።

ፕሮግራመሩ፦ እኔም ከፍ አደርገዋለሁ፤ ደረጃውን መለወጥ ይቻላል። የቀረው ቶሎ የሚያልቅ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ይወጣል። ስም አልተስተካከለም የሚሉና የመሳሰሉት ደግሞ ብዙ ናቸው። ክፋታቸው በራሳቸው አይደለም፤ ብዙ ስለሆኑ ዋናውን ይሸፍናሉ። ሠራተኛው በየቀኑ የማይጠቅም ማስጠንቀቂያ ሲያይ ማንበቡን ይተዋል፤ ከዚያ የሚጠቅመውም ሳይነበብ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የማይሆነንን ሕግ ማጥፋት፣ የቀረውን ደግሞ ያለ ማመካኛ ማክበር ነው ያለብን።

አክስት፦ የንግድ ባንክ ነገር በእንዲህ ያለ ነው የመጣው?

ፕሮግራመሩ፦ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የሆነውን ነው? ባንኩ የሰጠው መግለጫ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ማሻሻያ ሥራ ላይ የተፈጠረ ችግር ነው የሚል ነበር። ደንበኛ ሒሳቡ ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። በዚያ ሰዓት ወደ 490 ሺሕ የሚጠጋ ግብይት ተካሂዷል፤ ያለአግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ ኋላ አስታወቀ፤ አብዛኛውም ተመለሰ።

አክስት፦ አየህ፣ ብር ሲጎድል በማግስቱ ይታወቃል፤ ብርን ሁሉም ይቆጥራል። ባንኩ የወሰዱትን ሰዎች ስም ለጥፎ መልሱ አለ። የእኛ ሰርቨር የአንድ ሕፃን ሞት በሌላ ቀን ቢጽፍ ግን ማን መልሱ ይላል? ጠያቂ የሌለው ጥፋት ስለሆነ ነው አጥብቄ የምጠይቅህ።

ፕሮግራመሩ፦ ስለ ቀን ካነሡ የመጨረሻውን እንየው። ኮዱ ቀን ለማንበብ ጃቫ ውስጥ የቆየ አንድ መሣሪያ ይጠቀማል። መርማሪው «ይህ መሣሪያ በብዙ ላኪ መካከል ለጋራ አይሆንም፤ ሲደራረብበት ቀን ያዛባል» ይላል፤ እውነቱን ነው። መፍትሔው በአዲሱ መተካት ነው። ተክቼው መርማሪውን እንደገና አስኬድሁት፤ ይኸው፣ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ ሆነ።

አክስት፦ ጥቅምት 30 አስገባበት።

ፕሮግራመሩ፦ ምን አሉ?

አክስት፦ ጥቅምት 30 ቀን 2017። ጥቅምት ሁለተኛ ወር አይደለም? 2017፣ 02፣ 30 ብለህ አስገባ።

ፕሮግራመሩ፦ ... አልቀበልም አለ። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል።

አክስት፦ በፈረንጅ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነዋ። ፌብሩዋሪ 30 የለውማ።

ፕሮግራመሩ፦ ቆይ፣ በአሮጌው ልሞክረው። አሮጌው ተቀበለ። ግን ያስቀመጠው ... 2017፣ 03፣ 02 ብሎ ነው።

አክስት፦ ኅዳር 2። ጳጉሜንስ?

ፕሮግራመሩ፦ ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን በ13ኛ ወር ላስገባ። አሮጌው ዝም ብሎ ወደ 2018 አንደኛ ወር አሻገረው፤ መስከረም 3 ቀን 2018 ሆነ። አዲሱ 13ኛ ወር የለም ብሎ መለሰው። መስከረም 31ን ግን አዲሱም ይቀበላል፤ ጃንዋሪ 31 አለውና።

አክስት፦ ታዲያ አረንጓዴው ምን ማለት ነው?

ፕሮግራመሩ፦ ኮዱ እንደ ኮድ ደኅና ነው ማለት ነው። የጋራ ቦታ አይበላሽም፣ አይወድቅም፣ አይደራረብም። የገባው ቀን በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ግን ከኮዱ ላይ አይነበብም። አራት አኃዝ፣ ሁለት አኃዝ፣ ሁለት አኃዝ ነው የሚያየው። ያም ሆኖ እትዬ፣ አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል። አሮጌው ሳይናገር ቀን ያዛውር ነበር፤ አዲሱ ቢያንስ ጮሆ አልቀበልም ይላል። ሙያችን የሚያስተምረን ይህን ነው፤ ዝም ብሎ ከሚሳሳት ጮሆ የሚቆም ይሻላል።

አክስት፦ ለአንተ ይሻላል። ወደ ጤና ኬላዋ እንሂድ። ክትባት ቀን ነው እንበል፤ እናቶች ልጅ ታቅፈው ደጅ ተቀምጠዋል። ልጅቱ ጳጉሜን 3 ብላ ታስገባለች፤ የለም ይላታል። እንደገና ታስገባለች፤ የለም ይላታል። ምን የምታደርግ ይመስልሃል? አንተ ዘንድ ስልክ ትደውላለች?

ፕሮግራመሩ፦ የሚቀበለውን ቀን ትፈልጋለች።

አክስት፦ ነሐሴ 30 ብላ ታስገባለች፤ ወይ መስከረም 1። ከዚያ በኋላ የዋሸችው እሷ ናት፤ ሰርቨሩ ንጹሕ ነው። በአሮጌው ጊዜ የሚያዛባው ሰርቨሩ ነበር፤ አሁን ሥራውን ለእሷ ሰጠሃት ማለት ነው።

በዚህ ላይ የፕሮግራመሩ አባባል በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን አክስት የሚሉት ይከብዳል። የተመለሰ ስህተት ሰርቨሩ ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ሰው እጅ ይወርዳል፤ ያ ሰው ደግሞ ደጁ ላይ የሚጠብቁት አሉ። ትክክለኛውን ቀን የማይቀበል በር ተጠቃሚውን ውሸት ያለማምዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራቀመው መረጃ በየመርማሪው ፊት ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል።

ፕሮግራመሩ፦ ግን የወሩ ድምር አይበላሽም፤ አንቱ እንዳሉት የሪፖርት ወሩ ከ21 እስከ 20 ነው። ጳጉሜን 3ም መስከረም 3ም በመስከረም ሪፖርት ውስጥ ይወድቃሉ። ጥቅምት 30ም ኅዳር 2ም በኅዳር።

አክስት፦ ክፋቱ እሱ ነዋ! ድምሩ ስለሚገጥም ማንም አያየውም። አሁን አንድ ሕፃን ነሐሴ 28 ተወልዶ ጳጉሜን 3 ዐረፈ እንበል። ስንት ቀን ኖረ?

ፕሮግራመሩ፦ አምስት።

አክስት፦ ከሰባት ቀን በታች። እንዲህ ያለ ሞት ሲበዛ የምንጠይቀው ስለ ምጡና ስለ አወላለዱ ነው፤ አዋላጅ ነበረች ወይ፣ ሕፃኑ መተንፈስ ሲያቅተው የሚረዳው ነበር ወይ እንላለን። ከሰባት ቀን ካለፈ ግን የምንጠረጥረው ሌላ ነው፤ በቤት ውስጥ ያገኘውን ኢንፌክሽን እናስባለን። አሁን አሮጌው ኮድ ያስቀመጠውን መስከረም 3 ብሎ የሚያነብ ሰው ስንት ቀን ያገኛል?

ፕሮግራመሩ፦ ጳጉሜን በ2017 አምስት ናት ... አሥር ቀን።

አክስት፦ ልጅቱ መስከረም 1 ብላ ካስገባችው ስምንት፤ ነሐሴ 30 ብላ ካስገባችው ሁለት። ለአንድ ሕፃን አራት ዕድሜ። በሁለቱ ዕድሜ ጥፋቱ የማዋለጃ ክፍሉ ነው፤ በሁለቱ የቤቱ። ስብሰባ ላይ ተቀምጠን የምንወስነው በዚህ ቁጥር ነው።

ፕሮግራመሩ፦ ይህን መርማሪው ሊያገኘው አይችልም።

አክስት፦ አይችልም ወይስ አልተነገረውም?

ፕሮግራመሩ፦ አልተነገረውም። ከእነዚህ የሰው ቋንቋ ከሚያውቁት ከአዲሶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መርማሪዎች አንዱን ስለ ጳጉሜን ብጠይቀው ሊያስረዳኝ ይችል ይሆናል፤ ግን ይህ ሰርቨር ከማክሰኝት አካባቢ ቀን እንደሚቀበል የሚነግረው ቃል ኮዱ ውስጥ የለም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚል አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ላልተጻፈ ነገር መርማሪ የለውም።

አክስት፦ እኛ ጋ ይህ የታወቀ ነው። ሪፖርት መጀመሪያ ሲመጣ ሁሉም ሣጥን ተሞልቷል ወይ፣ በጊዜው ደርሷል ወይ፣ ድምሩ ይገጥማል ወይ እናያለን። ይህን ኮምፒውተሩም ይሠራዋል። ግን ተሞልቶ፣ በጊዜው ደርሶ፣ ድምሩ ገጥሞ ሐሰት የሆነ ሪፖርት አለ። ለዚያ ነው በየወሩ ኤል ኪው ኤ ኤስ የሚባለውን የናሙና ፍተሻ የምንሠራው። 12 የመረጃ ዓይነት በዕጣ እናወጣለን፤ ሪፖርቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘን ወደ መዝገቡ እንመለሳለን፤ የማዋለጃውን፣ የክትባቱን፣ የተመላላሽ ሕክምናውን መዝገብ ገልጠን እንቆጥራለን። ያልገጠመው በቁጥር ይታወቃል። የአንተ መርማሪ የሚሠራው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ማን ይሠራል?

ፕሮግራመሩ፦ ቴስት ነው የሚሠራው፤ የሚታወቅ ነገር አስገብቶ የሚጠበቀው መልስ መውጣቱን የሚያይ ኮድ። ክላሱ ቴስት አለው። ግን ቀኖቹ ሁሉ የወሩ 5፣ 10፣ 15 ናቸው። በየትኛውም አቆጣጠር ያሉ ቀኖች። ስለዚህ ሁሉም ያልፋል።

አክስት፦ ከመዝገብ የወጣ ቀን አይደለማ።

ፕሮግራመሩ፦ አይደለም። መሣሪያው ግን ጠፍቶ አይደለም። ጆዳ-ታይም የሚባለው የጃቫ የቀን ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የመረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ-2፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ውስጡ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚባል ለብቻው የቆመ ክላስ አለው፤ የተሠራውም በዚያው በጆዳ-ታይም ላይ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ የእኛን አቆጣጠር የጻፈበት ቦታ ነው። እዚህኛው ክላስ ውስጥ ግን ያንን ያስገባ የለም፤ ስለዚህ አስገባለሁ። ሌላም አለ፤ ፒኤምዲ የሚባለው መርማሪ የራስን ሕግ መጻፍ ይፈቅዳል። «በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ የፈረንጅ ቀን አንባቢ በቀጥታ የተጠራበት ቦታ ሁሉ ጥፋት ነው» ብዬ ሕግ እጽፋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ፕሮግራመር ሳያውቅ ቢመልሰው ቀይ ይበራበታል።

አክስት፦ አሁን ነገር ገባህ። ማሽኑ የፈረንጁን ሕግ ብቻ የሚያውቀው የእኛን የነገረው ስለሌለ ነው። ጻፍ እንግዲህ፤ እኔ ቀኖቹን ልንገርህ።

ፕሮግራመሩ፦ እየጻፍሁ ነው። ጥቅምት 29 እና 30። ጳጉሜን 1፣ ጳጉሜን 5።

አክስት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015። የሉቃስ ዘመን ነበር።

ፕሮግራመሩ፦ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት። ቀጣዩ 2019 ነው፤ እሱንም አስገባለሁ። የማይቀበላቸውስ?

አክስት፦ መስከረም 31፣ ኅዳር 31፣ ማንኛውም 31። ጳጉሜን 6 ቀን 2016፤ ዮሐንስ ነበር፣ ጳጉሜን አምስት ናት። ጳጉሜን 7 ደግሞ መቼም።

ፕሮግራመሩ፦ ሰዓትስ? ሰርቨሩ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው ይላል። አንቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደን በየትኛው ቀን ነው የምትጽፉት?

አክስት፦ ይህ በሠራተኛው ይለያያል፤ እውነቱን ልንገርህ። አንዳንዷ ሳይነጋ ያለውን ሁሉ በትናንቱ ቀን ትጽፋለች። ይህ በሰርቨር አይስተካከልም፤ ቅጹ ላይ ሌሊት ወይስ ቀን የሚል ይኑረው፤ ሰዓቱንም እኛ በምንቆጥረው ትጻፍ። አንተ ከውስጥ ስድስት ሰዓት ቀንስ፣ ጨምር፤ እሷን አታስቀንሳት።

ፕሮግራመሩ፦ እሺ። አሁን ደግሞ መርማሪው ጭራሽ ያላየው ሌላ ነገር አለ። ልጅቱ ላከች፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ ጻፈ፤ «ደርሷል» የሚለው መልስ ግን በመንገድ ኔትወርክ ቆረጠው። እሷ ምን ታደርጋለች?

አክስት፦ እንደገና ትልካለች። እስኪሄድላት ትልካለች።

ፕሮግራመሩ፦ ኮዱ በላከች ቁጥር ይጨምራል። ሦስት የወለዱ እናቶች ስድስት ይሆናሉ። እያንዳንዱ መስመር በራሱ ትክክል ስለሆነ መርማሪው ምንም አላለም።

አክስት፦ ይህ ደግሞ በእኛ አገር የዕለት ነገር ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ቆየ። ሰው የያዘውን አጠራቅሞ፣ መስመር ባገኘ ሰዓት ሁሉንም ነው የሚሰደው፤ ምን እንደሄደና ምን እንዳልሄደ በማያውቅበት ሁኔታ። ኔትወርክ ይኖራል ብሎ የተጻፈ ኮድ ለእኛ የተጻፈ አይደለም።

ፕሮግራመሩ፦ ለእያንዳንዱ ሪፖርት ከስልኩ ላይ ስትሞላው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ ሰርቨሩ «ቀድሞ ደርሷል» ይላል እንጂ አይጨምርም። ቴስቱ ደግሞ አንዱን ሪፖርት ደጋግሞ ልኮ ድምሩ አለመለወጡን ያያል።

አክስት፦ አርማ የምትልከውስ? ተሳስታ ሦስት ያለችውን አራት ብላ ብታስተካክል?

ፕሮግራመሩ፦ ... ያን አላሰብሁትም። ያው መለያ፣ ግን የእርማት ተራ ቁጥር ይጨመርለታል። የቀደመውም አይጠፋም፤ ከሥሩ ይቀመጣል።

አክስት፦ አይጥፋ። መዝገብ ላይ ስንሠርዝ በአንድ መስመር ነው፤ የተሠረዘው ይነበባል። ስሙንስ? ፀሐይ በአንዱ «ፀ»፣ በሌላው «ጸ» ተጽፋ ሁለት ካርድ ያወጣች አለች። ኃይሌና ሀይሌም እንዲሁ።

ፕሮግራመሩ፦ ፍለጋው ላይ አንድ እንዲሆኑ አደርጋለሁ፤ ስሙ ግን እሷ ባስጻፈችው ፊደል ይቀመጣል። ይህንም ቴስት ውስጥ አስገብቻለሁ። አንቱ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲመለስ ምን ይበላት? አሁን የሚለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑ ልክ አይደለም የሚል ብቻ።

አክስት፦ «በ2016 ጳጉሜን 5 ቀን ናት» ይበላት፤ በአማርኛ። የሞላችውንም ቅጽ አያጥፋባት፤ ቀኑን ብቻ እንድታስተካክል። ምክንያቱን ያልነገርሃት ሰው ምክንያት ይፈጥራል።

ፕሮግራመሩ፦ ጨርሻለሁ። ዝርዝሩን ላንብብልዎት?

አክስት፦ ለእኔ ብቻ አይበቃም። ለሌሎቹም ኤች አይ ቲዎች ላሳያቸው፤ በቆላው ያሉት፣ በሐይቁ ዳር ያሉት እኔ የማላውቀው ይገጥማቸዋል። ኮድ ከሆነ ግን ማን ያነበዋል?

ፕሮግራመሩ፦ ኮድ የለበትም። በአንድ ረድፍ የሚገባው ቀን፣ በሌላው የሚጠበቀው መልስ ነው፤ በአማርኛ። ቴስቱ ይህንኑ ፋይል አንብቦ ነው የሚሠራው፤ እነሱ አንድ ረድፍ ቢጨምሩ ሰርቨሩ በዚያም ይፈተናል።

አክስት፦ እንዲያ ከሆነ አትምልኝ። ወረቀቱን ለስብሰባው እወስደዋለሁ፤ የጎደለውን በእስክርቢቶ ይጨምሩበት።